ለሴት ልጆች የሚሆነው ቁጥር 6 ኳስ፦ ከድሬዳዋ የሲሚንቶ ሜዳ የተጻፈ ግምገማ

ሳቢያን በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ሴት ተማሪዎችን ቅርጫት ኳስ ማሠልጠን ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ከሰባቱ ዓመታት አምስቱን ልጆቼን ያሠለጠንኳቸው ለእነሱ ባልተሠራ ኳስ ነው። ዕቃ ቤታችን ውስጥ የነበሩት ኳሶች በሙሉ ቁጥር 7፣ ማለትም የወንዶቹ ልክ፣ ነበሩ፤ እኔም በተማሪነቴ የተጫወትኩት በዚያው ስለነበር፣ ለሴቶች የሚሆን ሌላ ኳስ እንዳለ ባውቅም ልዩነቱ የረባ አይመስለኝም ነበር። ዛሬ የምጽፈው የካቲት 2016 ዓ.ም. ከከተማችን ገበያ ስለገዛናቸው የቁጥር 6 ኳሶች፣ ለዓመት ከመንፈቅ በላይ በሲሚንቶ ሜዳችን ላይ ስላሳዩት ጠባይ፣ ሴት ልጅ ያለው ወላጅም ሆነ የስፖርት መምህር ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት በኳሱ ላይ የታተመችውን ቁጥር አንብቦ፣ ለክቶና መዝኖ መግዛት ስላለበት ምክንያት ነው።

ነገሩን ያነሣችው ከልጆቼ አንዷ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልምምድ ሳንጀምር በስልኳ የያዘችውን ቪዲዮ አሳየችኝ። የአዮዋ ዩኒቨርሲቲዋ ኬትሊን ክላርክ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2024 ከሚሺጋን ጋር በተደረገው ጨዋታ፣ ኬልሲ ፕለም በ2017 በአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ማኅበር (ኤን.ሲ.ኤ.ኤ.) የሴቶች ከፍተኛ ምድብ ያስመዘገበችውን የ3,527 ነጥብ ክብረ ወሰን የሰበረችበት ቅጽበት ነበር። ክላርክ ወደ ሜዳ ስትገባ የቀራት 8 ነጥብ ብቻ ነው። ጨዋታው ተጀምሮ ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ የቡድኗን የመጀመሪያዎቹን 8 ነጥቦች ብቻዋን አስቆጠረች፤ ክብረ ወሰኑን የሰበረችበትም ኳስ የተወረወረው ከባለ ሦስት ነጥቡ መስመር እጅግ ርቃ፣ መሀል ሜዳ ላይ ከተሳለው ዓርማ አጠገብ ሆና ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ 49 ነጥብ ነበራት። ልጅቷ ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ ደጋግማ ካሳየችኝ በኋላ፣ «ቲቸር፣ እሷ ከዚያ ድረስ ወርውራ ሲደርስላት፣ እኔ ከነጻ ውርወራ መስመር እንኳ ለምንድን ነው የማይደርስልኝ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ልምምድ ነው» አልኳት። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። ይህች ልጅ ልምምድ ቀርታ አታውቅም። የነጻ ውርወራው መስመር ከሰሌዳው 4 ሜትር ከ60 ነው፤ እሷ ከዚያ ላይ ስትወረውር ኳሱ ቀለበቱን ሳይነካ ይወድቃል፤ እንዲደርስላት ስትል ደግሞ ኳሱን እስከ ወገቧ ዝቅ አድርጋ በሁለት እጇ ወደ ላይ ትገፋዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ «ክርንሽን አቅኚ፣ በአንድ እጅሽ ወርውሪ» እያልኩ ስቆጣት ኖሬያለሁ። በዚያ ምሽት ግን ክላርክ ከሩቅ የምትወረውረው ኳስ እና ልጄ ከቅርብ የማይደርስላት ኳስ አንድ ዓይነት እንዳልሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብዬ አሰብኩበት፤ የተቆጣኋትም ቁጣ ሁሉ ጸጸተኝ።

የአሜሪካ ኮሌጅ ሴቶች የሚጫወቱበት ቁጥር 6 ኳስ ዙሪያው ወደ 72 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ክብደቱ ከ510 ግራም ጀምሮ 570 ሳይሞላ ያበቃል። የወንዶቹ ቁጥር 7 ዙሪያው 75 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው፤ ክብደቱም በተለምዶ ከ567 እስከ 650 ግራም ይደርሳል። ይህ በወረቀት ላይ ሲነበብ ጥቂት ይመስላል፤ መዳፏ ገና ባልሰፋ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እጅ ላይ ግን ኳሱን በአንድ እጅ ተሸክሞ በመወርወርና በሁለት እጅ ገፍቶ በመጣል መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው። ቀለበቱ ለወንድም ለሴትም ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ የተሰቀለ፣ ስፋቱም አንድ ስለሆነ፣ አነስ ያለው ኳስ ሲወርድ በዙሪያው የሚተርፈው ክፍተትም ሰፋ ይላል።

እዚህ ላይ አንድ ባልደረባዬ ያነሣብኝን መከራከሪያ ሳልመልስ ማለፍ አልፈልግም። የአሜሪካ ኮሌጅ ሴቶች ወደ ትንሹ ኳስ የተሸጋገሩት እ.ኤ.አ. በ1984–85 የውድድር ዘመን ነው፤ ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ ነው። ከ1984 በፊት የነበሩ የኮሌጅ ሴቶች የተጫወቱት በወንዶቹ ኳስ ነው። የካንሳስዋ ሊኔት ዉዳርድ እስከ 1981 ድረስ፣ ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. የሴቶችን ውድድር ሳይጀምር፣ በዚያ ትልቅ ኳስ፣ ባለ ሦስት ነጥብ መስመር የሚባል ነገር ሳይኖር 3,649 ነጥብ አስቆጥራለች። ፐርል ሙር ደግሞ በትናንሽ ኮሌጆች ደረጃ 4,061 ነጥብ አላት፤ ክላርክ እንኳ ኮሌጇን ስትጨርስ የነበራት 3,951 ነው። ሼሪል ሚለርም በ1983 እና በ1984 ሻምፒዮን የሆነችው በትልቁ ኳስ ሲሆን፣ ትንሹ የመጣው እሷ ኮሌጅ ሳለች ነው። እንግዲህ ባልደረባዬ፣ «እነዚያ በትልቁ ኳስ ይህን ካደረጉ የእኛ ልጆች ምን ያነሳቸዋል?» ይለኛል።

እኔ የዉዳርድንና የሙርን ነጥብ ሳይ ከማንም በላይ አከብራቸዋለሁ፤ ምክንያቱም ያ ኳስ በእጅ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ በራሴ ክንድ አውቀዋለሁ። ነገር ግን እነሱ የተጫወቱበት ጨዋታ ከቀለበቱ ሥር የሚቆጠርበት ጨዋታ ነበር። ባለ ሦስት ነጥቡ መስመር ለኮሌጅ ሴቶች በ1987–88 ሲመጣ፣ ከ2021–22 ጀምሮ ደግሞ ወደ 6 ሜትር ከ75 ሲርቅ፣ ከሩቅ መወርወር የምትችል ልጅ ዋጋዋ ጨመረ። ክላርክ በአራት ዓመት 548 ባለ ሦስት ነጥቦችን አስቆጥራለች፤ በመጨረሻው የውድድር ዘመኗ ብቻ 201 ናቸው። የዛሬዋ ልጅ ይህን ጨዋታ ልትማር ከሆነ፣ ውርወራውን ከሥሩ በትክክል የምትለምድበት ኳስ ያስፈልጋታል። በከባድ ኳስ የጀመረች ልጅ ጥንካሬዋ ሳይደርስ ኳሱን ለማድረስ ስትል የተበላሸ አወራወር ትለምዳለች፤ ያንን ልማድ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ማስተው ደግሞ ከመጀመሪያው ማስተማር ከሚጠይቀው ድካም እጥፍ ይጠይቃል። ይህን የምለው በራሴም ስለደረሰ ነው፤ እስከ ዛሬ ከሩቅ የምወረውረው በሁለት እጄ ነው።

ስለ ክላርክ ልጅነት ካነበብኩት ውስጥ እንደ አሠልጣኝ ልቤን የነካኝ፣ በትንሽነቷ የእድሜዋ የሴቶች ቡድን ስላልተገኘላት ከወንዶች ጋር መጫወቷ፣ እንዲሁም የቤታቸው መኪና መግቢያ ለባለ ሦስት ነጥብ መስመር ስላልበቃ አባቷ ሣሩን አንሥቶ ተጨማሪ ሲሚንቶ ማስፈሰሱ ነው። የእኛ ሜዳም ሲሚንቶ ነው። በላዩ ላይ ተቀብቶ የነበረውን ባለ ሦስት ነጥብ መስመር በሜትር ስለካው 6 ሜትር ከ25 ሆኖ አገኘሁት፤ ይህ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2010 የተወው ልክ ነው። ልጆቹ ራሳቸው ገመድና ጠመኔ ይዘው አዲሱን መስመር አሰመሩ፤ እኔም ነጭ ቀለም ገዝቼ አብረን ቀባነው።

ወደ ግዢው ልመለስ። የመጀመሪያው ግዢዬ ከሽፏል። ከአንድ ሱቅ ካርቶኑ ላይ ትልቅ ስም የታተመበትና «6» የሚል ቁጥር ያለበት ኳስ ሳልለካ ገዛሁ፤ ቤት ወስጄ በልብስ ሰፊ ሜትር ስለካው ዙሪያው 75 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ባለ ሱቁ ሊመልስልኝ አልፈቀደም። «አቦ፣ ኳስ ኳስ ነው! የሴት ኳስ፣ የወንድ ኳስ የሚባል ነገር ከየት መጣ?» አለኝ። ሰውየው ሊያታልለኝ አስቦ አልመሰለኝም፤ የሚሸጠውን ዕቃ ስለማያውቀው ነው። ያም ሆኖ ኳሱ ወር ከሳምንት ሳይሞላው በመስመሮቹ ላይ ሽፋኑ መላቀቅ ጀመረ፤ ገንዘቡም በዚያው ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በገበያችን ኳስ ላይ የታተመን ስም አላምንም። ዊልሰን የተባለው ኩባንያ በሜይ 2024 በክላርክ ስም የሚወጡ ኳሶችን እንደሚሠራ፣ ይህ ዓይነቱ ነገርም ከማይክል ጆርዳን ወዲህ ለማንም ተደርጎ እንደማያውቅ ሲያስታውቅ ልጆቼ እጅግ ተደስተው ነበር። ነገር ግን ስሟ ያለበት ኳስ በገበያችን ብታዩ እንኳ፣ ስሙን ሳይሆን ዙሪያውን፣ ክብደቱንና ንጥረቱን ተመልክታችሁ እንድትገዙ እለምናችኋለሁ። ይህ ግምገማ የገዛኋቸውን ኳሶች የምርት ስም የማያነሣውም ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ግዢ የተሳካው ከዚራ በተባለው ሰፈር ባለ አንድ ትንሽ የስፖርት ዕቃ ሱቅ ነው። ባለ ሱቁ በእድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ኳሱን ሳልለካና ሳልመዝን አልገዛም፤ ቅር አይበልዎ» ስላቸው፣ «ለክተሽ፣ መዝነሽ ውሰጂ እንጂ! ተመልሰሽ መጥተሽ ከምትሰድቢኝ ይሻላል» ብለው ከጎናቸው ካለው ልብስ ሰፊ ሜትር አስመጡልኝ። ሚዛን ፍለጋ ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ሽንኩርትና ቲማቲም ወደምትሸጥ ሴት ተሻገርን። ባለ ቁጥሩን ሚዛኗን ከሽንኩርት ልጣጭ ጠርጋ፣ ኳሱ እየተንከባለለ አልቀመጥ ሲላት የጣሳ ክዳን ገልብጣ ከሥሩ አደረገችለት፤ የክዳኑንም ክብደት ሳትረሳ ቀነሰችልኝ። የጎማው ኳስ 540 ግራም፣ የሰው ሠራሽ ቆዳው ደግሞ 525 ግራም ሆኑ። የሁለቱም ዙሪያ ከ72 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ያልፍ ነበር። ሦስት የጎማና አንድ የሰው ሠራሽ ቆዳ ኳስ ገዝቼ፣ በባጃጅ ጭኜ ወደ ሳቢያን ወሰድኳቸው።

ንጥረቱን የሞከርኩት ሜዳው ላይ ነው፤ ይህን ማንም ሰው በቀላሉ ሊያደርገው ይችላል። ግድግዳ ላይ በጠመኔ 1 ሜትር ከ80 ይለካና የኳሱ የታችኛው ጫፍ እዚያ ምልክት ላይ ሆኖ ሳይገፋ ይለቀቃል። ነጥሮ ሲመለስ የላይኛው ጫፉ በ1 ሜትር ከ20 እና በ1 ሜትር ከ40 መካከል ከደረሰ አየሩ ልክ ነው። ከገዛኋቸው አራቱ ሦስቱ ወዲያው በልካቸው ነጠሩ፤ አንዱ የጎማ ኳስ አየር አንሶት ስለነበር ተነፍቶ ተስተካከለ።

እውነተኛው ፈተና የመጣው በመጋቢት ነው። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ገቡ። ቡድኔ ውስጥ ሙስሊሞችም ክርስቲያኖችም ስላሉ ጾመኛ ያልነበረች ልጅ ጥቂት ናት፤ በድሬዳዋ የመጋቢት ሙቀት ደግሞ ውኃ ያልቀመሰን ልጅ ማስሮጥ በደል ነው። ስለዚህ ሩጫውን በሙሉ ትተን፣ ፀሐዩ ከበረደ በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እየተገናኘን፣ ለአፍጥር ወደ ቤት ከመግባታቸው በፊት ለግማሽ ሰዓት ያህል ቆመው ብቻ እንዲወረውሩ አደረግሁ። አንድ ወር ሙሉ ሌላ ሥራ አልሠራንም። መጀመሪያ በቁጥር 7፣ ከዚያ በቁጥር 6 እያፈራረቅሁ አስወረወርኳቸው።

የዘጠነኛ ክፍሏ ልጅ ቁጥር 6ን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትይዝ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ቀኝ እጇን ከኳሱ ሥር ስታደርግ ጣቶቿ ተዘርግተው አመልካች ጣቷ እኩሌታው ላይ አረፈ፤ በትልቁ ኳስ ሁልጊዜ ወደ ጎን ይሸሽ የነበረው ክርኗ ማንም ሳያርማት ከኳሱ ሥር ገባ። ግራ እጇ ኳሱን መግፋት ትቶ መደገፍ ብቻ ሆነ። ኳሱ ከግንባሯ በላይ ተነሥቶ ከጣቶቿ ጫፍ ሲለቅ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ ሄደ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በቃል ላስረዳት ስታገል የኖርኩት ሽክርክሪት ያ ነበር። የመጀመሪያው ውርወራዋ አልገባም፤ የቀለበቱን የኋላ ብረት መትቶ ተመለሰ። ልጅቷ ዞራ እያየችኝ፣ «ቲቸር፣ አለፈው እኮ!» አለችኝ። ያን ያህል ዘመን ሳይደርስላት የኖረ ኳስ አሁን አልፎ ሄደ።

በወሩ ውስጥ ያየሁትን ሳላጋንን ልናገር። የሚገቡት ውርወራዎች መጀመሪያ ላይ ብዙ አልጨመሩም። የተለወጠው ቀለበቱን ሳይነኩ የሚወድቁት ናቸው፤ እነሱ ከቀን ወደ ቀን እያነሱ ሄደው በሦስተኛው ሳምንት ከነጻ ውርወራው መስመር ጨርሶ የማይደርስላት ልጅ አልቀረችም። የሚገቡት ቁጥር ማደግ የጀመረው ከፋሲካ በኋላ፣ አዲሱ አወራወር ከተለመደ ወዲያ ነው። ቁመተ ረጅምና ጠንካራ የሆኑት ሁለት ልጆች ደግሞ ብዙም ልዩነት አላዩም፤ እንዲያውም ከመካከላቸው አንዷ ለሁለት ሳምንት ያህል ኳሱ ቀሎባት ከሰሌዳው በላይ ትወረውር ነበር።

የክላርክ የኮሌጅ ዘመን ያበቃው በዚያው ወር ነው። የፍጻሜው ጨዋታ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 29፣ በደብረ ዘይት እሑድ፣ በረመዳንም ማብቂያ ላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተጀመረ። ከተማው በአፍጥር ምክንያት ገና ንቁ ነበር፤ እኔ ውጤቱን በስልኬ ስከታተል፣ ልጆቹ በየቤታቸው ሆነው መልእክት ይልኩልኝ ነበር። ክላርክ በመጀመሪያው ሩብ ብቻ 18 ነጥብ፣ በጠቅላላው 30 ነጥብ ብታስቆጥርም፣ በዚያ ዘመን አንድም ጨዋታ ያልተሸነፈው ሳውዝ ካሮላይና 87 ለ 75 አሸነፈ። በ2023ም በፍጻሜው በሉዊዚያና ስቴት 102 ለ 85 ተሸንፋለች፤ ስለዚህ በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ፍጻሜ ደርሳ ዋንጫውን አላነሣችም። በማግስቱ ልጆቼ አዝነው መጡ። እኔ ግን በአሜሪካ ያንን የሴቶች ፍጻሜ ያየው ተመልካች በአማካይ ወደ 19 ሚሊዮን መድረሱን፣ የወንዶቹ ፍጻሜ ግን 15 ሚሊዮን አለመሙላቱን ነገርኳቸው፤ ከሳምንት በኋላም፣ ኤፕሪል 15፣ የአሜሪካ የሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ ቡድን የሆነው ኢንዲያና ፊቨር በአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ አንደኛ አድርጎ ወሰዳት። በዚያው ዓመት ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆና ተመረጠች።

ነጥቧ ስለሚወራ የሚረሳ አንድ ነገር አለ፤ ክላርክ በኮሌጅ 1,144 ለነጥብ የበቁ ኳሶችን አቀብላለች፤ በፊቨር የመጀመሪያ ዘመኗም በአንድ ዓመት 337 በማቀበል የሊጉን ክብረ ወሰን ሰብራለች። ቪዲዮዎቿን ልብ ብሎ ያየ ሰው ከነዚህ ብዙዎቹ በአንድ እጅ፣ ኳሱን እያነጠሩ ሳለ ሳይያዝ የሚወረወሩ መሆናቸውን ያስተውላል። በቁጥር 7 ለልጆቼ ይህን ማስተማር አልቻልኩም ነበር፤ ኳሱ ከመዳፋቸው ያመልጣል። በቁጥር 6 የቡድኔ አቀባይ የሆነችው ልጅ በግራ እጇ ሳይቀር ታደርገዋለች፤ የግዢያችን ያልጠበቅሁት ጥቅም ይህ ነው።

አሁን ስለ ዕድሜያቸው። የጎማዎቹ ሦስት ኳሶች እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ናቸው። ላያቸው ላይ ያሉት ጥቃቅን እብጠቶች መሀል መሀሉን ቢያልቁም አሁንም ይያዛሉ፤ አቧራ ሲበዛባቸው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋሉ። ጉድለታቸው ላብ ሲነካቸው ማንሸራተታቸውና በሲሚንቶ ላይ ንጥረታቸው ደረቅ መሆኑ ነው። የሰው ሠራሽ ቆዳው ኳስ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከሁሉም ይበልጥ ነበር፤ ለስላሳ ነው፣ ላብ ቢነካውም ይያዛል፣ ከጣት ሲለቅ ደስ ይላል። ነገር ግን የተሠራው ለቤት ውስጥ ወለል እንጂ ለእኛ ሲሚንቶ አይደለም። በሦስተኛው ወር አቧራ ሽፋኑ ውስጥ ገብቶ ላዩ ሙልጭ አለ፤ በዓመቱ የውስጡ ጨርቅ መታየት ጀመረ። ዋጋው ደግሞ የጎማውን ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር። ጣሪያና ለስላሳ ወለል ያለው አዳራሽ ከሌላችሁ አትግዙት፤ በዚያ ገንዘብ ሁለት የጎማ ኳሶች ገዝታችሁ ለመርፌና ለመንፊያም ይተርፋችኋል።

ስለ አየሩ የድሬዳዋ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ጠዋት በቀዝቃዛው ሰዓት በልኩ የተነፋ ኳስ ቀትር ላይ ፀሐይ ከዋለበት አየሩ ይሞቅና ኳሱ ይደነድናል፤ ይህ የጣት መሰበር ያህል የሚያሳምም አቀባበል ያመጣል፤ የኳሱንም የሽፋን መጋጠሚያ ያላላል። ስለዚህ ልምምድ የምትሠሩበት ሰዓት ላይ፣ ጥላ ውስጥ ካቆያችሁት በኋላ ንፉ። መርፌውን ሳታርጥቡ አታስገቡ፤ ከገዛናቸው አንዱ ኳስ አየር ማስተንፈስ የጀመረው አንድ ቸኩሎ የነበረ ልጅ ደረቅ መርፌ አስገብቶበት ነው። ኳሶቹን በተሽከርካሪ ውስጥም ሆነ በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አታሳድሩ። እኛ አሁን በመማሪያ ክፍል መደርደሪያ ሥር እናስቀምጣቸዋለን።

ቁጥር 6 ለሁሉም አይሆንም። ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች ላለች ልጅ ቁጥር 5 ይሻላታል። ወንዶችና ሴቶች በአንድ ሰዓት በሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ደግሞ ወንዶቹ ቀላሉን ኳስ ስለሚወዱት ከሴቶቹ እጅ ይወጣል፤ እኛ በማይጠፋ ቀለም ትልቅ «6» ጽፈንባቸው፣ ቁልፉን የቡድኑ አምበል እንድትይዝ በማድረግ ነው ያዳንናቸው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ባለፈው ዓመት በተካፈልንበት አንድ የትምህርት ቤቶች ውድድር የሆነው ነው። ልጆቼ በቁጥር 6 ከአንድ ዓመት በላይ ተዘጋጅተው ሲሄዱ፣ አዘጋጆቹ ለሴቶቹም ለወንዶቹም ያቀረቡት ቁጥር 7 ነበር። ሕጉ ለሴቶች ቁጥር 6 እንደሚል ባስረዳም፣ «ሌላ ኳስ የለንም» ተባልን። የራሳችንን ኳስ ከሻንጣ አውጥቼ ሳቀርብ ደግሞ ተቃራኒው ቡድን አልለመደውም ተብሎ አልተፈቀደም፤ ለዚያ ቡድን ልጆችም አሳቢ ክርክር ነበርና አልፈረድኩም። በመጀመሪያው አጋማሽ የልጆቼ ውርወራ በሙሉ ከቀለበቱ በታች ቀረ። የዘጠነኛ ክፍሏ ልጅ፣ አሁን አሥረኛ የሆነችው፣ ወደ ወገቧ ዝቅ አድርጋ በሁለት እጇ ስትገፋ አየኋት፤ በዚያች ቀን በሜዳው ጠርዝ ቆሜ የተሰማኝን ሐዘን አልረሳውም። ውድድር የምታዘጋጁ ሁሉ፣ ለሴቶቹ ጨዋታ ሁለት የቁጥር 6 የጎማ ኳስ ብቻ ግዙ፤ ከዋንጫው ዋጋ ያንሳል።

ባለፈው ሳምንት ተጨማሪ ሁለት ለመግዛት ወደ ከዚራው ሱቅ ሄጄ ነበር። ጋሼ አሁን ቁጥር 6ን ለብቻው በአንድ መደርደሪያ ደርድረውታል፤ ሜትር ደግሞ ከልብስ ሰፊው መዋስ ትተው የራሳቸውን ገዝተው ሚስማር ላይ ሰቅለውታል። ሚዛኑ አሁንም ከመንገዱ ማዶ፣ ከሽንኩርት ሻጯ ዘንድ ነው። የያዙት የጎማዎቹን ብቻ ሲሆን፣ የሰው ሠራሽ ቆዳውን የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሊነግራቸው ይገባል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት ብትሄዱ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ ሳትቸኩሉ ትለካላችሁ።